ባለ ዶሮ እግሩ ብርጭቆ

አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት መንደር የእድር ስብሰባ ተጠርቶ አራጋው እንግዳው መሀል ላይ እንዲቆም ተደረገ። አራጋው የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሯል። ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በዚያን ዕለት ግን የቀለደ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የወይዘሮ ዘነቡ ባል አርፈው ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ለቀስተኛውም ከየአቅጣጫው መጣ። ውሃ ይቅረብ ሲባል ግን ብርጭቆ የለም። ድሮ ከመቶ ሰው በላይ ያጠጣ የነበረው ዕቃ ቤት ቢበረበር ቢፈተሽ አሥራ አራት ብርጭቆ ብቻ ተገኘበት። ሰዉ በተራ ጠጣ፤ አንዱ ጨርሶ እስኪያቀብል ሌላው አንገቱን አስግጎ እየጠበቀ። ይባስ ብሎ የእድሩ ዳኛ የአቶ ይማም አማት ከኮምቦልቻ ድረስ ለለቅሶ መጥተው ውሃ በጭልፋ ተሰጣቸው። አቶ ይማም ሌላውን ሁሉ ይቅር ቢሉ ያቺን ጭልፋ ይቅር አይሏትም።

«አራጋው፣ ዕቃው ይገኝ» አሉ ዳኛው። «እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድረስ ካልተገኘ ቁልፉን ታስረክባለህ።»

ቁልፍ ማስረከብ ለሌላ ሰው ቁልፍ ማስረከብ ነው። ለአራጋው ግን ስም ማስረከብ ነበር። በዚያ መንደር ሰው ቢሰክር ይረሳለታል፣ ሚስቱን ቢጣላ ሽማግሌ ይገባለታል፤ «የእድር ዕቃ የበላ» የተባለ እንደሆነ ግን እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። አራጋው ከስብሰባው ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ ቀና ብሎ ሰው አላየም። ከሁሉ የሚያሳርረው ደግሞ ዕቃው የት እንዳለ ጠንቅቆ ማወቁ ነበር።

እውነቱን እንናገር ካልን የእድር ዕቃ አይሰረቅም፤ ይቆያል እንጂ። ለቅሶ ያለበት ቤት ዕቃው በሸክም ይሄዳል። ድንኳኑ ሲነሳ ግማሹ ይመለስና ግማሹ «ለአርባው ይቆይ» ይባላል። ሙስሊሞቹም «ለሰደቃው ይቆይ» ይላሉ። አርባው ሲያልፍ ለሙት ዓመቱ ይባላል፤ ሙት ዓመቱ ሲያልፍ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። በዚህ መካከል ያቺ ብርጭቆ ከሳሎን ቡፌ ውስጥ ገብታ፣ ከሠርግ ፎቶግራፉ አጠገብ ቆማ ቤቱን ትለምዳለች። እንግዳ ሲመጣም «ይህ የእናቴ ነው» ይባልላታል።

አራጋው አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞረ። የሄደበት ሁሉ በደስታ ተቀበለው፣ ምሳ አበላው፣ ከዚያም «እኛማ መልሰናል፤ ምናልባት እነ እንትና ጋ ጠይቅ» ብሎ ሸኘው። እነ እንትናም ወደ ሌላ እንትና ላኩት። የአብዬን ወደ እምዬ ሆነ። እሱም እየበላ በቡፌው መስታወት ውስጥ የእድሩን ብርጭቆ ፊት ለፊት ያየዋል፤ ነገር ግን የሰው ቡፌ ከፍቶ ዕቃ ማገላበጥ የሰው ድስት ከመክፈት ይብሳል። በዚያ ላይ ምሳቸውን በልቷል።

ቢያገላብጥማ ኖሮ ክርክር አያስፈልገውም ነበር። የእድሩ ዕቃ ሁሉ ከሥሩ ምልክት አለበት። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ሆቴል ሲዘጋ እድሩ እነዚያን ወፍራም ብርጭቆዎችና ሰማያዊ አበባ ያለባቸውን የሸክላ ሳህኖች በጅምላ ገዛ። ከሰው ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ምን ምልክት ይደረግበት ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። መስቀል ይሁን ሲባል ሙስሊሞቹ ቅር አላቸው። ጨረቃ ይሁን ሲባል ክርስቲያኖቹ ቅር አላቸው። ፊደል ይሁን ሲባል ማንበብ የማይችሉት ተቀየሙ። በሦስተኛው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «የዶሮ እግር ይሁን፤ ዶሮ እስክትታረድ ድረስ ሃይማኖት የላትም» ብለው መንደሩን ገላገሉት። መስታወት ቆራጭ ተጠርቶ በየብርጭቆውና በየሳህኑ ሥር የዶሮ እግር ጫረ፤ እንስራውና ገምቦው ደግሞ በምስማር ተጫረ። ያን ጊዜ ጎረምሳ የነበረው አራጋው ለመስታወት ቆራጩ ዕቃ ያቀብል ነበር። ዛሬ ያን ስብሰባ የሚያስታውስ እሱና ዳኛው ብቻ ናቸው። የቀረው ሰው ብርጭቆን የሚያውቀው በአፉ በኩል እንጂ በሥሩ በኩል አይደለም።

ወሩ ሊጋመስ ሲል አራጋው ዕቃውን ማስመለሱን ተስፋ ቆርጦ ተመሳሳይ ብርጭቆ ከየት እንደሚገዛ ማሰብ ጀመረ። እንዲህ ያለ ወፍራም ብርጭቆ ዛሬ የሚሠራ የለም። ስለ አሮጌ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ ሁሉም አንድ ስም ነገሩት፦ አቶ ልሳነወርቅ።

አቶ ልሳነወርቅ ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ በአሮጌ ዕቃ ንግድ ቆይተው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የአባታቸውን ቤት ወርሰው የመጡ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳቸው ላይ ጠረጴዛ ያወጣሉ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ያለብሱታል፣ አጉሊ መነፅራቸውን ያስቀምጣሉ። ሰው ከቤቱ ያገኘውን ሁሉ ይዞላቸው ይመጣል፦ የአያቱን ገምቦ፣ የአባቱን ፋኖስ፣ የልጅነት አሻንጉሊቱን። እሳቸውም ዕቃውን ይገለብጡታል፣ በጣታቸው ኳኳ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ያሸቱታል። ነገሩ ካልተፈታ በምላሳቸው ይነኩታል። ከዚያ ዕድሜውን ይናገራሉ፤ ከመቶ ዓመት በታች የሆነ ዕቃ እሳቸው በረንዳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ግምቱ በነጻ ነው። ባለቤቱ «እንግዲያው ይግዙኝ» ያለ እንደሆነ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ሲገምቱት ያረጀው ዕቃ ሲገዙት ያፈጀ ይሆናል።

በመንደሩ እድር ግን አልገቡም። ሰው ቢጠይቃቸው «እኔ አዲስ አበባ ሰው አለኝ» ነው መልሳቸው። ነገሩ የወር መዋጮውን ፍራቻ እንደሆነ ማንም አላጣውም።

አራጋው ከቀሩት ብርጭቆዎች አንዷን በመሀረብ ጠቅልሎ ቅዳሜ ጧት ከበረንዳው ደረሰ። ሰላምታውን ሳይጨርስ አቶ ልሳነወርቅ ብርጭቆዋን ከእጁ ወስደው ገለበጧት። መነፅሩን አነሱ፣ አስጠጉ፣ አራቁ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

አራጋው ከእድሩ ዕቃ ቤት ሊል አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን መልስ ሊሰሙ የጠየቁ አልነበሩም።

«ቆይ፣ እኔ ልንገርህ» አሉ። «ይህ የአንድ ትልቅ ቤት ማህተም ነው። እየው፤ ሦስቱ ጣት ወደፊት፣ አንዷ አጭር ጣት ወደኋላ። ሦስቱ የቤቱ ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ወደኋላ የቀረችው እናትየው ናት፤ ከኋላ ሆና ትደግፋቸዋለች። ይህን የሚያውቅ ሰው በኢትዮጵያ ሁለት ብንሆን ነው። ዕድሜው መቶ ሃያ ዓመት ይሆናል።»

አራጋው ያቺን አጭር ጣት ያውቃታል። መስታወት ቆራጩ እጁ ዝሎ ያሳጠራት ናት፤ ብርጭቆዋን ደግፎ የያዘለትም አራጋው ራሱ ነበር። እውነቱን ሊናገር ቃሉ ከምላሱ ጫፍ ደርሶ፣ ድንገት አንድ ሐሳብ መጣለትና መልሶ ዋጠው። ዝም አይነቅዝም።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ ብቻ።

«በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም።»

አቶ ልሳነወርቅ ብርጭቆዋን ሊገዙ ፈለጉ። አራጋው የራሱ እንዳልሆነች፣ ስለዚህም ሊሸጣት እንደማይችል ነገራቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ዕቃ በመንደሩ ቡፌ ሁሉ ሞልቶ በዓይኑ እንዳየ፣ ችግሩ ሰዉ ገልብጦ አለማየቱ እንደሆነም አከለላቸው። ከዚህ ውስጥ አንዲትም ሐሰት የለችም። እንዲያውም ሰዉ እንዲያምን ለእያንዳንዱ ዕቃ የምስክር ወረቀት ቢጽፉለት ምን ይመስልዎታል ብሎ ምክር ጣል አደረገ። ይህ ምክር አቶ ልሳነወርቅን በጣም ደስ አሰኛቸው። ፊርማቸውን ይወዱት ነበር።

ወሬው እስከ ሰኞ ጧት መንደሩን አዳረሰ። ከሥሩ የዶሮ እግር ያለበት ዕቃ ያለው ሰው ቅዳሜ ይምጣ፤ በአደባባይ ይገመትለታል፣ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ከፈለገም ይሸጣል ተባለ። በዚያ ሳምንት በመንደሩ ያልተገለበጠ ብርጭቆ አልነበረም። አራጋው በመንገድ ሲያልፍ ከየቤቱ የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር። ከአንዳንድ ቤት ደግሞ የምስማር ጭረት ይሰማል፤ ምልክቱ የሌለው ሰው ምልክት መፍጠሩ መቼም የታወቀ ነው።

ቅዳሜ ሲደርስ አራጋው ዳኛውን «ዕቃ ሲገመት አብረን እንይ» ብሎ ይዟቸው ሄደ። ሌላ ነገር አልነገራቸውም። በረንዳው ጢም ብሏል። «መልሰናል» ያሉት ሁሉ በዘንቢል፣ በሻሽ፣ በካርቶን ጠቅልለው ተሰልፈዋል። አራጋውን ሲያዩ መሬት መሬት ያያሉ፤ እሱ ግን ሁሉንም እየሳመ ሰላም አለ፣ የከበዳቸውን እያገዘ አወረደ። «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳይሰበር» ይል ነበር። የእድሩ ትልቁ ጋን እንኳ በሁለት ሰው ሸክም መጣ። ያ ጋን ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው።

አቶ ልሳነወርቅ ሥራቸውን ጀመሩ። ገለበጡ፣ ኳኳ አደረጉ፣ አሸተቱ፣ ጻፉ። በየወረቀቱ ላይ የሚጽፉት አንድ ቃል ነው፦ «ይህ ዕቃ የባለ ዶሮ እግሩ ቤት ንብረት መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ከዚያ ይፈርማሉ፣ ማህተማቸውን ያሳርፋሉ። ብርጭቆ፣ ሳህን፣ ገምቦ፣ እንስራ እያለ ወረቀት የያዘው ዕቃ በረንዳው ጥግ ተደረደረ።

በመሀል ወይዘሮ ከድጃ ስድስት ባለ አበባ ሳህን በነጠላ አቅፈው ብቅ አሉ። ወይዘሮ ከድጃ የዳኛው የአቶ ይማም ባለቤት ናቸው። አራጋው ወደ ዳኛው ዞር አለ። ዳኛው ግን የጦሳን ተራራ በጥሞና እያዩ ነበር፤ ተራራው ትናንት ከነበረበት ቦታ አልተንቀሳቀሰም።

ከወይዘሮ ከድጃ ቀጥሎ የአውቶቡስ ረዳቱ ታደለ የልጁን መጫወቻ ይዞ ቀረበ፤ ከቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ አውቶቡስ። ከሥሯ የዶሮ እግር አላት፤ ታደለ ግን ዶሮ በደንብ አይቶ ስለማያውቅ ስድስት ጣት አድርጎ ጭሮባታል። አቶ ልሳነወርቅ መነፅሩን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አሰቡ። በመጨረሻም ይህ የትልቁ ቤት ልጆች መጫወቻ እንደነበረ፣ ጣቱ የበዛውም የልጅ ልጆች ስለተጨመሩ እንደሆነ፣ ዕድሜውም መቶ አሥር ዓመት እንደሚሆን ተናገሩ። አውቶቡሷ የተሠራችው ከዘይት ቆርቆሮ ነው። ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች በመስኮቷ በኩል በጣሪያዋ የውስጥ ገጽ ላይ የዘይቱ ማብቂያ ጊዜ ተጽፎ ያዩታል፤ አምና ጥር ይላል። ማንም አልተነፈሰም፤ ትንፍሽ ቢል የራሱም ዕቃ ግምት ይጠረጠራል። አውቶቡሷም ወረቀቷን ይዛ ከገምቦው አጠገብ ቆመች።

ሰልፉ ሲያልቅ አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ታጥበው ወደ ግዢው ገቡ። እንደ ልማዳቸውም ያ ሁሉ የከበረ ዕቃ በአንድ አፍታ ረከሰ። አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል፣ አንዱ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ድምፁ ደክሟል ማለት ጀመሩ። ሰዉ እርስ በርሱ ማጉረምረም ሲጀምር አራጋው ተነሣ። ነገሩ እዚህ ላይ ከከሸፈ ቁልፉም ስሙም እንደሚሄድ ያውቃል። ጥግ ካለው ዕቃ ላይ አንድ ወረቀት አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ይህ ዕቃ የባለ ዶሮ እግሩ ቤት ንብረት መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ወረቀቱን ለዳኛው ሰጣቸው። «አቶ ይማም፣ የእድራችን ዕቃ ምልክት ምን ነበር?»

ዳኛው ወረቀቱን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ጭልፋዋም ትዝ አለቻቸው መሰል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዶሮ እግር» አሉ ቀስ ብለው።

ቀድመው የሳቁት ወይዘሮ ከድጃ ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሳቁን የሚያቆመው አልተገኘም። ሳቁ በረድ ሲልም መንደሩ ሁሉ አንድ አፍ ሆነ። አንዱ ሊመልሰው ብሎ እንዳመጣው፣ ሌላው ሸክም አስቸግሮት እንጂ ድሮም ሊመልሰው እንደነበር፣ ሦስተኛው ዕቃ ቤቱ ተቆልፎበት እንደቆየ ተናገረ። አራጋው ለሁሉም «አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ተቀበለ። ማንንም አላሳፈረም። ሊያሳፍር ቢፈልግ ኖሮ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነበረው።

የአቶ ልሳነወርቅ ፊት ግን ደም መሰለ። ያን ሁሉ ወረቀት የጻፈው የራሳቸው እጅ፣ የመታውም የራሳቸው ማህተም ነው፤ እንዳይክዱት በዚያው በረንዳ ላይ «ተሳስቼ አላውቅም» ሲሉ ኖረዋል። አራጋው ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ሲጠቀልል መጥተው ከፊቱ ቆሙ።

«አንድ የእድር ዕቃ ጠባቂ ስለ ዕቃ ምን ያውቃል?» አሉ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እስቲ የያዝከውን ንገረኝ። ዕድሜው ስንት ነው? ማን ሠራው? ዋጋውስ?»

አራጋው የያዛትን ብርጭቆ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ አስቀመጠና ቀና አለ።

«ዕድሜውን አላውቅም፣ የሠራውንም አላውቅም። ዋጋውን ግን አውቃለሁ። ዛሬ ያለዎትን ብር ሁሉ ይዘው ቢለምኑ አይሸጥልዎትም፤ የሞቱ ዕለት ግን ማንም ሳይጠራው ቤትዎ ድረስ ይመጣል። ያውም አባል ከሆኑ ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ መነፅራቸውን ኪሳቸው ከተው፣ አረንጓዴውን ጨርቅ አጥፈው ገቡ።

ዕቃው በዚያው ዕለት በሰልፍ በሸክም ተጉዞ ዕቃ ቤቱ ገባ፤ ቁልፉም ከአራጋው አንገት አልወረደም። ታደለ የልጁን አውቶቡስ እንዲመልሱለት ለመናቸው። ዳኛው ግን የባለ ዶሮ እግሩ ቤት ንብረት መሆኗ በፊርማና በማህተም ስለተረጋገጠ እሳቸው ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ገለጹለት። እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሕፃን ሲያስቸግር እሷ ናት የምትሰጠው።

በማግስቱ እሑድ ዳኛው ገና ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ በራቸው ተንኳኳ። አቶ ልሳነወርቅ የስድስት ወር መዋጮ በፖስታ ይዘው ቆመዋል። አቶ ይማም ተገርመው አዲስ አበባ ሰው አለኝ ይሉ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቋቸው።

«ለማንኛውም ብዬ ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።